ለአሮጌ ቮልስ የጥገና መጽሐፍ መያዝ፦ ከመግዛት እስከ ማቆሸሽ

ቮልሷን የገዛሁ ሰሞን ዘይቱን ራሴ ካልቀየርኩ ብዬ ከሥሯ ገባሁ። የድሮ ቮልስ የዘይት ፊልትሮ የላትም። ከሞተሩ ሆድ ሥር የስኒ ማስቀመጫ የምታክል ክብ ክዳን አለች። ከክዳኗ በላይ ወንፊት፣ በዙሪያዋ ደግሞ ስድስት ትናንሽ ዳዶ። ፈታሁ፣ ወንፊቱን በቤንዚን አጠብኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ከዚያ ዘይት እንዳያንጠባጥብ ብዬ ባለኝ ጉልበት አጠበቅኩት። አራተኛው ዳዶ ላይ መፍቻው እጄ ውስጥ ልስልስ አለብኝ፤ ዳዶው መጥበቁን ትቶ ዝም ብሎ መዞር ጀመረ። የቮልስ ሞተር ቤት የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፣ እንደ ብረት አይችልም። ብሎኑ ጥርሱን ነቅሎ ይዞት ወጣ።

መኪናዋ ሁለት ቀን ክሪክ ላይ ቆመች፣ እኔም ቶርኖ ቤት ተመላለስኩ። በኋላ የጥገና መጽሐፍ ሳገኝ መጀመሪያ የፈለግኩት ያንን ገጽ ነው። የማጥበቂያው ኃይል 7 ኒውተን ሜትር ይላል። 7! አጭር መፍቻ በሁለት ጣት ይዞ፣ ያዝ ሲያደርግ ማቆም ማለት ነው። ለመለዋወጫ የማልሰስተውን ብር ለመጽሐፍ ሰስቼ ያመጣሁት ጣጣ ነው።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ይዛችሁ ማኑዋል ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ ይችን ጻፍኩ። ምሳሌዬ ቮልስ ነች፣ የማውቀው እሷን ነዋ። ሌላ መኪና ላላችሁም መንገዱ ያው ነው፣ ወደ መጨረሻው ትንሽ እላለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩ፣ ከዚያ መጽሐፉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። "የቮልስ ማኑዋል" የሚባል አንድ መጽሐፍ የለም። ቮልስ የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። መልኳ ብዙም ሳይለወጥ ውስጧ በየጊዜው ሲለወጥ ኖሯል። ባለ 6 ቮልት አለች፣ ባለ 12 ቮልት አለች። 1200፣ 1300፣ 1500፣ 1600 ሞተር ያላት አለች። ከ70ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የፊት እግሯ የተለየ፣ "ሱፐር" የምትባለው መጣች። የአንዷን መጽሐፍ ይዛችሁ ሌላዋን ብትፈቱ ሥዕሉ አይገጥም፣ ልኩ አይገጥም፣ በመጨረሻ መጽሐፉን ትረግማላችሁ።

ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቁጥሩን ከመኪናዋ ላይ አንብቡ። የሻንሲ ቁጥሩ የኋላ መቀመጫ ሥር፣ በወለሉ መሃል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመትቷል። መቀመጫውን አንሡ፣ አቧራውን በጨርቅ ጥረጉ፣ ስልካችሁን አስጠግታችሁ ፎቶ አንሡ። (ባትሪውም እዚያው ነው። መቀመጫውን ስትመልሱ የባትሪው መሸፈኛ በቦታው መሆኑን እዩ፤ የመቀመጫው ሞላ የባትሪውን ጫፎች ቢነካ እሳት ይነሣል። ቀልድ አይደለም።) ከዚያ ከሊብሬው ጋር አስተያዩት። አንዷ 3 ሊብሬ ላይ 8 ሆና አይቻለሁ፣ የመኪናው ባለቤት ለዓመታት ልብ አላላትም ነበር።

ከ1965 ሞዴል ወዲህ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓይነቷን ይነግራሉ፣ ለተራዋ ቮልስ 11 ነው። ሦስተኛው አሃዝ የሞዴል ዓመቷ የመጨረሻ ቁጥር ነው። 117 ብሎ ከጀመረ የ1967፣ 118 ከሆነ የ1968። "115 ከሆነስ፣ 1965 ናት ወይስ 1975?" ካላችሁ ቁጠሩት። በጠቅላላው ዘጠኝ አሃዝ ከሆነ 1965 ነች። ከ115 ቀጥሎ 2 ተጨምሮ አሥር አሃዝ ከሆነ 1975 ነች፤ ያቺ 2 የገባችው ከ1970 ሞዴል ጀምሮ ነው።

ይህ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛ ሰው ደግሞ "የ67 ቮልስ ናት" ብሎ ይሸጥላችኋል። በማን 67? በእኛ 1967 ዓ.ም. ማለት መስከረም 2 ቀን ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት በቮልስ የተወሰዱበት ዓመት ነው። በፈረንጆቹ 1967 ማለት ሌላ መኪና ነው፣ መሃላቸው ስምንት ሞዴል አለ። አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ቮልስዋገን የሞዴል ዓመቱን የሚጀምረው በጃንዋሪ ሳይሆን በኦገስት ነበር። የ1967 ሞዴል የተሠራችው ከኦገስት 1966 እስከ ጁላይ 1967 ነው፤ ይህ ከእኛ 1959 ዓ.ም. ጋር ሊገጥም ጥቂት ሳምንት ነው የሚቀረው። ስለዚህ መኪናዋ የተሠራችበትን ዘመን በእኛ አቆጣጠር ካወቃችሁ 8 ደምሩበት፣ ሞዴሏ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ጀርመኖቹ ለእኛ አስበው ያደረጉት ነው የሚመስለው።

ሻንሲው አለቀ ብላችሁ እንዳትነሡ። የሃምሳና የስድሳ ዓመት ቮልስ አብራት የተወለደችውን ሞተር ይዛ ማግኘት ብርቅ ነው። የሞተሩ ቁጥር ከኋላ ኮፈኑን ስትከፍቱ ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር፣ ሞተር ቤቱ ላይ ተመትቷል። ከቁጥሩ በፊት ያለውን የላቲን ፊደል እዩ። "ዲ" ከሆነ የ1200 ነው፣ ባለ 34 ፈረስ ጉልበቱ። "ኤፍ" 1300፣ "ኤች" 1500፣ "ኤዲ" 1600። የእኔዋ ሻንሲዋ የ1966 ነው፣ ሞተሯ ግን ኤዲ ነው። ለሻንሲና ለፍሬን አንድ መጽሐፍ፣ ለሞተር ሌላ መጽሐፍ ነው የምከፍተው። መጀመሪያ ይህን ሳላውቅ በ1966ቱ ገጽ 1600ውን ላስተካክል ስታገል የዋልኩበት ቅዳሜ አለ። ይቅር፣ አልናገረውም።

ምን ዓይነት መጽሐፍ?

በየመኪናው ዳሽቦርድ ውስጥ የሚቀመጠው ትንሹ የባለቤት መጽሐፍ ጥገና አያስተምርም። የጎማ ንፋስ፣ የዘይት መጠን (ለቮልስ 2.5 ሊትር)፣ የፊውዙ ሥዕል፣ በቃ። ቢገኝ ጥሩ፣ ባይገኝ አትጨነቁ።

ቀጥሎ የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ አለ። ይህ የተጻፈው ለኩባንያው መካኒኮች ነው። ሥልጠና እንደወሰዳችሁ፣ በቁጥር የሚጠሩት ልዩ መሣሪያዎችም ግድግዳችሁ ላይ ተሰቅለው እንዳሉ ቆጥሮ ነው የሚያወራችሁ። ደረቅ ነው፣ ግን ልኩ ከዚያ ነው የሚመጣው። አሜሪካ ውስጥ ቤንትሊ የሚባል አሳታሚ የቮልስዋገንን ኦፊሴላዊ የጥገና መጽሐፍ አሳትሟል። ከቅንጡዋ መኪና ጋር ዝምድና የለውም። ወፍራም ነው፣ ዋሽንግተን ያለች እህቴ "ሻንጣዬን ጨረሰው" ብላ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።

ሦስተኛው እንደ ሄይንስ ያለው ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሄይንስ በ1966 የመጀመሪያውን የጥገና ማኑዋል ለአንዲት ትንሽ የስፖርት መኪና አወጣ። ዘዴው ቀላል ነበር፦ መኪናዋን ሙሉ በሙሉ መበታተን፣ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ እያነሡ መልሶ መግጠም። ለዚህ ነው የሄይንስ ፎቶዎች ላይ የቆሸሸ እጅ የምታዩት። ጓሮው ውስጥ ተራ መፍቻ ይዞ ለሚሠራ ሰው የተጻፈ ነው፣ ለጀማሪ መጀመሪያ የምመክረውም እሱን ነው። አንድ ዝነኛ ዓረፍተ ነገር አለችው፦ "መግጠሙ የመፍታቱ ተቃራኒ ነው።" አንዴ ብቻ ሞክሩትና ትስቃላችሁ። ስትፈቱ አሥር ደቂቃ የፈጀው ስትገጥሙ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ተቃራኒ የሚለው ምናልባት ይህንን ይሆናል። እንግሊዝኛ የማይከብዳችሁ ከሆነ ደግሞ ጆን ሚዩር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1969 ያወጣው የቮልስዋገን መጽሐፍ አለ፤ መፍቻ ይዞ ለማያውቅ ሰው በጨዋታ መልክ የተጻፈ ነው፣ በእጅ የተሣሉት ሥዕሎቹም ግሩም ናቸው። እሱን ማታ አልጋ ላይ ታነቡታላችሁ። ሥር ገብታችሁ ግን ቁጥር ስትፈልጉ ከሌላው ጋር አስተያዩ።

አራተኛውን ማንም አይገዛም፣ እኔ ግን ሁለተኛ ግዙት የምለው እሱን ነው። የመለዋወጫ ካታሎግ። የጥገና መመሪያ የለውም። ያለው እያንዳንዱ ክፍል ተበትኖ አየር ላይ የተንሳፈፈ የሚመስል ሥዕልና ከጎኑ የዕቃ ቁጥር ነው። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የቷ ሮንዴላ ከየትኛዋ ሞላ በፊት እንደምትገባ በግልጽ ታያላችሁ። ሁለተኛ፣ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ "ያቺ እንዲህ የምትል፣ ከዚህ ጋር የምትያያዘው" እያላችሁ በእጃችሁ አየር ላይ አትሥሉም።

ቁጥሩን ማንበብ ደግሞ አያስቸግርም። የቮልስዋገን የዕቃ ቁጥር ሦስት ሦስት አሃዝ ሆኖ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መጀመሪያ የተሠራላትን መኪና ይናገራሉ፤ በ1 የሚጀምር የቮልሷ፣ በ2 የሚጀምር የሚኒባሷ። ከሁለተኛው ሦስትዮሽ የመጀመሪያዋ አሃዝ ክፍሉን ትናገራለች። 1 ሞተር፣ 2 ነዳጅና ጭስ ማውጫ፣ 3 ካምቢዮ፣ 4 የፊት እግር፣ 5 የኋላ እግር፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 7 ፔዳልና ማንሻ፣ 8 ቦዲ፣ 9 ኤሌክትሪክ። አንድ ነጋዴ "የፍሬን ነው፣ ኦሪጅናል" ብሎ የሰጠኝ ካርቶን ላይ ሁለተኛው ሦስትዮሽ በ3 ይጀምር ነበር። ዕቃውን ሳልከፍት መለስኩለት። "መካኒክ ነህ?" አለኝ።

ከየት ይገኛል

አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ሰዎች ጋ አንዳንዴ ይወጣል፣ በተለይ የድሮ መካኒክ ቤት ሲጸዳ። ስታገኙ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው የሞዴል ዓመት የእናንተን ይይዛል? መጨረሻ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ሥዕል አልተገነጠለም? መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው፣ ሰው ገንጥሎ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። የሞተር ምዕራፉ ገጾች በዘይት ተጣብቀዋል? ትንሽ መቆሸሽ ጥሩ ምልክት ነው፣ የተሠራበት መጽሐፍ ነው። የተጣበቀ ግን ስታላቅቁት ቁጥሩን ይዞት ይሄዳል።

ውጭ ያለ ዘመድ የምታስገዙ ከሆነ የአሜሪካው እትም ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩትን መኪኖች እንደሚያወራ እወቁ። እዚያ ከ1975 ጀምሮ ቮልስ ካርቡሬተሯን ትታ በኢንጀክሽን ሄዳለች፣ የጭስ መቀነሻ ቱቦውም ብዙ ነው። እናንተ ባለ ካርቡሬተር ይዛችሁ ያንን ምዕራፍ ብትከፍቱ ግራ ትጋባላችሁ። የሱፐርና የተራዋ ልዩነት ላይ ደግሞ ለዘመድ በስልክ አትከራከሩ፦ የፊት ኮፈኑን ክፈቱ። ስኮርታው ቀጥ ብሎ ከቆመ ተራዋ ነች፣ ከተኛ ሱፐር ነች።

ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ የሚዞረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሳታሚው አሁንም የሚሸጠውን መጽሐፍ መግዛቱ ተገቢ ነው፣ እሱን ለኅሊናችሁ። እኔ የምለው ስለ ጥራቱ ነው። የተጠለፈው ስካን አብዛኛውን ጊዜ የሚታጠፉትን ትልልቅ ገጾች አይዝም ወይም ግማሹን ቆርጦ ነው የሚይዘው። የደበዘዘ 3 እና 8፣ 5 እና 6 አይለዩም። ሥር ተኝታችሁ በዘይት እጅ ስልክ ማጉላት ደግሞ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው። ፒዲኤፍ ከያዛችሁ የምትሠሩትን ምዕራፍ ብቻ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ አሳትሙ፤ የመስመር ሥዕሉን በትልቁ ወረቀት፣ ቢቻል በከለር።

ስታነቡት የሚያሳስቱ ነገሮች

"ፊት" የሚለው ቃል መጀመሪያ ይመጣል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ከኋላ ቆማችሁ ኮፈኑን ስትከፍቱ ፊት ለፊታችሁ የሚታየው የሞተሩ ፊት ይመስላችኋል። ለመጽሐፉ ግን ፊት ማለት ሁልጊዜ መኪናዋ የምትሄድበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ቺንጋው ያለበት ወገን የሞተሩ "ኋላ" ነው። ቀኝና ግራም በሹፌሩ ቀኝና ግራ ነው። ሲሊንደር 1 በቀኝ በኩል የፊተኛው፣ 2 ከእሱ ኋላ፣ 3 በግራ የፊተኛው፣ 4 የኋለኛው። የካንዴላ ገመድ አሳስቶ መሰካት ከዚህ ነው የሚመጣው። የእሳቱ ተራ 1-4-3-2 ነው፣ ይህችን በማርከር ኮፈኑ ውስጥ ጻፏት።

የእንግሊዝ መጽሐፍ ከሆነ ሌላም አለ። እነሱ በግራ ነው የሚነዱት። "የቅርብ ወገን" የሚሉት የእግረኛ መንገዱን ጎን፣ ማለትም የመኪናዋን ግራ ነው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ጭንቅላታችን በግልባጭ ይወስደዋል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ መለኪያው ነው። የድሮ የጀርመን መጽሐፎች የማጥበቂያ ኃይሉን በኪሎግራም ሜትር፣ የአሜሪካዎቹ በፉት ፓውንድ፣ የቅርቦቹ በኒውተን ሜትር ይጽፋሉ። አንድ ኪሎግራም ሜትር ወደ 10 ኒውተን ሜትር ነው፤ አንድ ፉት ፓውንድ 1.36። የኋላ ጎማውን አክስል የሚይዘው ትልቁ የ36 ዳዶ በአሜሪካው መጽሐፍ 217 ነው፣ በድሮው የጀርመን 30። ሁለቱም አንድ ነገር ነው፣ 300 ኒውተን ሜትር ገደማ። እንግዲህ ያንን 30 አይቶ ቶርክ ሬንቹን (የማጥበቂያ ኃይል የሚለካውን መፍቻ) 30 ኒውተን ሜትር ላይ ያደረገ ሰው ዳዶውን ከሚገባው አንድ አሥረኛ አጥብቆ መንገድ ይወጣል። ቁጥር ስታነቡ አጠገቧ ያለችውን መለኪያ ጮክ ብላችሁ አንብቧት። እኔ ጮክ ብዬ ነው የማነበው፣ ጎረቤት ይስማ።

የእትሙ ዓመትም ለውጥ ያመጣል። የቫልቭ ክፍተት ጥሩ ምሳሌ ነው። አንዱ መጽሐፍ 0.10 ሚሊ ሜትር ይላል፣ ሌላው ለዚያው ሞተር 0.15። ማን ዋሸ? ማንም። ፋብሪካው ራሱ በኋላ ልኩን ወደ 0.15 አሳድጎታል፣ የቀደመው እትም ግን በቀደመው ቀርቷል። በጣም ድሮ ያሉት 1200ዎች ደግሞ ሌላ ልክ አላቸው። ሁለት መጽሐፍ ከተጣሉባችሁ የኋለኛውን እትም እመኑ፣ ግን መጀመሪያ በእርግጥ ስለ እናንተ ሞተር ፊደል እንደሚያወራ አረጋግጡ። ልኩ በቀዝቃዛ ሞተር ነው። ቀዝቃዛ ሲባል ያደረ ማለት ነው፣ ቡና ጠጥቶ የተመለሱበት አይደለም።

የኤሌክትሪክ ሥዕሉን ብዙ ሰው ገና ሲያየው ይዘጋዋል። አትዝጉት። በየጫፉ ያሉት ትናንሽ ቁጥሮች የጀርመን መኪኖች የጋራ ቋንቋ ናቸው። 30 ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ ቁልፍ ዘጋችሁም ከፈታችሁም እሳት ያለበት ነው። 15 ቁልፍ ሲከፈት ብቻ። 31 ማሳ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው። 50 ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው። 49 የፍሬቻው። ቡናማ ሽቦ ደግሞ ማሳ ነው። ይህችን ከያዛችሁ ቮልስ ላይ ብቻ ሳይሆን የጎረቤት አሮጌ መርሴዲስ ላይም ትሠራላችሁ። ብቻ 30ን ከመንካታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ።

የውስጥ ሽፋኑ ላይ መዝገበ ቃላት

ይህ የእኔ ነው፣ ከየትም አልወሰድኩትም። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው የሚያወራው፣ ጋራዡ ደግሞ ጣሊያንኛ። ክላች ብላችሁ ብትጮኹ ልጁ የሚያመጣላችሁ ፍሪሲዮን ብላችሁ ስትጠሩት ነው። ስለዚህ የመጽሐፉ የፊት ሽፋን ውስጥ ባዶ ገጹ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ዓምድ አሠመርኩ። በአንዱ የመጽሐፉ ቃል፣ በሌላው የጋራዡ። ጊርቦክስ፣ ካምቢዮ። ስፓርክ ፕለግ፣ ካንዴላ። ሲሊንደር ሄድ፣ ቴስታታ። ጋስኬት፣ ጓርኒሲዮን። ቤሪንግ፣ ኩሽኔታ። ማፍለር፣ ማርሚታ። ስታርተር፣ ሞተሪኖ። ዋሸር፣ ሮንዴላ። አሁን ስልሳ ምናምን ቃል ደርሷል። እንግሊዞቹና አሜሪካኖቹ እርስ በርስ ስለማይስማሙ አንዳንዱ ሦስት ስም አለው።

በነገራችን ላይ ፊያት 600 ያላችሁ፣ ሰይቸንቶ ማለቴ ነው፣ ዕድለኞች ናችሁ። የጣሊያንኛውን ማኑዋል ብታገኙ አትሽሹ። ጣሊያንኛ ባትችሉም የዕቃዎቹን ስም እየሰማችሁ ነው ያደጋችሁት።

መጽሐፉ እና ጋሼ

ማኑዋል ገዛችሁ ማለት መካኒክ ሆናችሁ ማለት አይደለም። እኔ ሞተር ማውረድ ድረስ አልደርስም፣ ለሱ ጋሼን እጠራለሁ። ጋሼ ከእኔ በፊት ቮልስ መሥራት የጀመረ፣ ሞተር በድምፅ የሚያውቅ ሰው ነው። መጽሐፉን ይዤ የሄድኩ ቀን "እንግዲያው መጽሐፉ ይሥራልሃ" ብሎኝ ወደ ሻዩ ዞረ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሰውየው እየሠራ እኔ ከጀርባው ቆሜ እያነበብኩ "እዚህ ግን እንዲህ ይላል" ስለው ፈተና የምፈትነው ነው የሚመስለው። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ አላነብለትም። ሥዕል ነው የማሳየው። የኋላ ፍሬን እየሠራ ሳለ ክፍሎቹን በትኖ የሚያሳየውን ገጽ አትሜ መሬት ላይ ዘረጋሁለት። ተንበርክኮ አየ፣ ጣቱን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው እያሳለፈ በእግሩ ሥር ካለው ክምር ጋር ቆጠረ። ሦስት ሞላ ቆጠረ፣ ሥዕሉ ላይ አራት ነው። "ይህቺ እኔ ጋ የለችም" አለ። ከእኛ በፊት የሠራው ጋራዥ አስቀርቷት ኖሯል፣ የእጅ ፍሬኑ ለወራት ሲንገጫገጭ የነበረው በእሷ ነው። ካታሎጉ ላይ ቁጥሯን አውጥቼ ከሰዓት ገዝቼ መጣሁ። ጋሼ አሁን እኔን ሲያይ መጀመሪያ "ሥዕሉን ይዘሃል?" ነው የሚለው።

ሌላ መኪና ካላችሁ

ቶዮታ ይዛችሁ ከሆነ፣ በተለይ የድሮ ላንድክሩዘር፣ ፋብሪካው የሞተሩን መጽሐፍ ለብቻ፣ የሻንሲና ቦዲውን ለብቻ ያሳትም እንደነበር እወቁ። አንዱን ገዝታችሁ "ካምቢዮው የት አለ?" አትበሉ። የሞተሩን ኮድ ኮፈኑ ሥር ካለው ሰሌዳ አንብባችሁ በሱ ፈልጉ። ፔጆ 404 ያላችሁ ፈረንሳይኛ ይገጥማችኋል፣ ሥዕል ላይ ተደገፉ። ላዳ 2101 የተሠራችው ከፊያት 124 ነው፤ ግን ፊያቷን ቀጥታ አልገለበጧትም፣ ሞተሯ የራሷ ነው። የ124ን መጽሐፍ ለላዳ ሞተር አትጠቀሙ።

ማቆየት

መጽሐፍ ሁለት ሕይወት ቢኖረው ጥሩ ነው። ኦሪጅናሉ ቤት፣ መደርደሪያ ላይ፣ ከፀሐይ ራቅ ብሎ። የሥራው ኮፒ ጋራዥ። የማጥበቂያ ልኮቹን አንድ ገጽ ላይ ሰብስቤ ላሚኔት አስደርጌ የመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፌዋለሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ቀሪውን በስፓይራል አስጠርዙት፤ ሲከፈት ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ በመፍቻ አስደግፋችሁ አትይዙትም።

ኅዳጉ ላይ ጻፉ። ቫልቭ መቼ እንደተስተካከለ፣ የትኛው ብሎን ጥርሱ ደካማ እንደሆነ፣ የቱ ዳዶ በ13 ሳይሆን በ14 እንደተተካ። የእኔን መጽሐፍ ከእኔ በፊት የያዘው ሰው የፍሪሲዮን ምዕራፉ ላይ በእርሳስ "ገመዱን ከመፍታትህ በፊት ምልክት አድርግ" ብሎ ጽፏል፣ ከሥሩ ደግሞ "በድጋሚ!" ብሎ አሥምሮበታል። ማን እንደሆነ አላውቅም። ሁለቴ እንደረሳው ግን አውቃለሁ፣ እኔንም ከሦስተኛው አድኖኛል።

ማበደር ላይ ጨካኝ ሁኑ። ኦሪጅናሉን ለማንም፣ ለወንድምም አትስጡ። የሚለምናችሁ ካለ ኮፒ አሠርታችሁ ስጡት፣ የኮፒውን ዋጋ እናንተ ክፈሉ፣ ይሻላችኋል። ጋሼ የፍሬን ምዕራፉን "ለአንድ ቀን" ብሎ ከወሰደ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ባለፈው ሳልፍ ጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ ከካላንደሩ አጠገብ በሚስማር ተሰቅሎ አየሁት። አራተኛዋን ሞላ በቀይ ከቧታል።